ጭቃውን ልጠበው ወይስ ልተወው? የድሮ የስፖርት ዕቃን በቤት ለማደስ የንጽጽር መመሪያ

አጎቴ በወጣትነቱ በረኛ ነበር። የመጨረሻ ጨዋታውን የተጫወተበት ማሊያ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ኖሯል። ቢጫ ነው፣ ወፍራም ጥጥ፤ ጀርባው ላይ 1 ቁጥር በእጅ ተሰፍቶበታል። ልጅ ሳለሁ ላስደስተው ብዬ አወጣሁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ የዱቄት ሳሙና ነሰነስኩበት። ቀኝ ክርኑ ላይ ያለው ቡናማ እድፍ አልለቅም ሲለኝ በብሩሽ ፈተግኩት። በረኪናም ጠብ አደረግኩበት። አደረቅኩት፣ ተኮስኩት፣ አጣጥፌ ሰጠሁት። አጎቴ እጅጌውን ገልበጥ አድርጎ አየና ቀስ ብሎ «ጭቃው የታለ፣ ልጄ?» አለኝ።

ፍጹም ቅጣት ምት ለማዳን ሲወረወር የወደቀበት ጭቃ ነበር። አልተቆጣኝም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የቆዩ ኳሶች፣ ዋንጫዎች፣ ፎቶዎችና ራኬቶች በእጄ አልፈዋል። ማንኛውንም ዕቃ ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር እለያለሁ። ይሄ እድፍ የሜዳ ነው ወይስ የቁም ሳጥን? የሜዳ እድፍ ማለት ጭቃ፣ የሣር አረንጓዴ፣ ላብ፣ ጭረት ነው፤ ዕቃው ሜዳ ላይ እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው። የቁም ሳጥን እድፍ ደግሞ አቧራ፣ ሻጋታ፣ ብል የበላው ቀዳዳ፣ የስኮች ሙጫ ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያውን እጠብቃለሁ፣ ሁለተኛውን አስወግዳለሁ። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው።

ከፊታችሁ ያሉት መንገዶች

መንገዶቹ አራት ናቸው። አንዱ ዕቃውን ሳይነኩ በደንብ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ማጽዳት ነው። ሦስተኛው መጠገን ነው፤ የተቀደደውን መስፋት፣ የላላውን ማጥበቅ። አራተኛው እንደ አዲስ ማደስ ነው፤ ቀለም መቀባት፣ እንደገና በብር ማስለበጥ፣ ያረጀውን ክፍል አውጥቶ በአዲስ መተካት።

ከአንዱ ወደ አራተኛው በሄዳችሁ ቁጥር ዕቃው ለዓይን እያማረ ይሄዳል። ወደ ኋላ መመለሻው ግን እየጠበበ ይመጣል። ክር ሰፍታችሁ ካልጣማችሁ ክሩን ትፈቱታላችሁ። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ እንጨት ግን ተመልሶ አይበቅልም። አበው ሲያጌጡ ይመላለጡ ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። በሁለት መንገድ መካከል ካመነታችሁ ነገ ልትመልሱት የምትችሉትን ምረጡ።

ሌላው ጥያቄ ዕቃውን ለምን እንደፈለጋችሁት ነው። ልትሸጡት ካሰባችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ጨዋታ ላይ የተለበሰ ማሊያ እውነተኛነቱ ከሚረጋገጥባቸው መንገዶች አንዱ በጨዋታው ዕለት ከተነሱ ፎቶዎች ጋር ማመሳከር ነው። የስፌቱ መጣመም፣ የቁጥሩ አቀማመጥ፣ የተመዘዘ ክር፣ እድፍ ሳይቀር ይታያል። ማራዶና እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ሩብ ፍጻሜ የለበሰው ማሊያ በ2022 ለጨረታ ቀርቦ ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ እያንዳንዷ ምልክት ማስረጃ ናት። በሳሙና የምታጥቡት ያንኑ ማስረጃ ነው።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ ማጽዳትና ቀላል ጥገና ይበቃል። መልሳችሁ ልትጫወቱበት ከሆነና ዕቃው በሺዎች የተመረተ ተራ ዕቃ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ብታድሱት ማንም አይወቅሳችሁም። እኔም አድርጌዋለሁ። ዕቃው አንድ ብቻ ሲሆን ነው ጉዳዩ የሚለየው።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ከመጀመራችሁ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት። በጥሩ ብርሃን፣ ቀረብ ብላችሁ። ስህተት ከተፈጠረ መነሻችሁ የት እንደነበረ የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው።

ማሊያ፦ መታጠብ፣ መጠረግ ወይስ መተው

መጀመሪያ ጨርቁን ለዩ። የድሮ ማሊያዎች ሱፍ ወይም ጥጥ ናቸው። ፖሊስተር የተስፋፋው በኋላ ነው። ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ይሰበሰባል፤ ተመልሶም አይዘረጋም። በረኪና ደግሞ ሱፍን ያነጣል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ቃጫውን ራሱን ይበላዋል። ጥጥ የተሻለ ይችላል፣ ግን ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ፖሊስተር ለውሃ ጠንካራ ነው፤ የሱ ድካም ላዩ ላይ የታተመው ቁጥር ነው።

ከመታጠብ በፊት ያለው አማራጭ በደረቁ መጥረግ ነው። ማሊያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ቀጭን መረብ አልብሱት። በቫኪዩም ክሊነር በዝቅተኛ ኃይል፣ አፉን ሳታስነኩ፣ በመረቡ ላይ አሳልፉት። አቧራው ይወጣል፣ የደረቀው የሜዳ እድፍ ቦታው ላይ ይቀራል። እኔ ከአሥር ማሊያ ለስምንቱ ከዚህ አላልፍም።

መታጠብ ካለበት፣ ማለትም ላቡ ጨርቁን እየበላው ከሆነ ወይም ሻጋታ ከሸተተ፣ መጀመሪያ የቀለም ሙከራ አድርጉ። በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ውሃና ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉ። ንጹህ ነጭ ጥጥ ላዩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጥጡ ላይ ቀለም ከታየ መታጠቡ ይቅር። በየቀለሙ ለየብቻ ሞክሩት፤ ቀዩ ሲለቅ ሰማያዊው ላይለቅ ይችላል። ሙከራውን ካለፈ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ፣ ቢቻል ዲስቲልድ፣ ማለትም ተንኖ የተጣራ። ማሊያውን ተዘርግቶ እንዳለ አስገቡት። አትሹት፣ አትጭመቁት፤ በመዳፍ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ውሃው እንዲያልፍበት ብቻ አድርጉ። ሲወጣ በፎጣ ላይ ዘርጉት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል።

ማሽን ውስጥ ማስገባትን ከአማራጮቹ ጋር አልቆጥረውም።

ብል ካለበት መድኃኒት ከመንፋት ፍሪዘር ይሻላል። ማሊያውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ ከረጢቱን ቶሎ አትክፈቱ። አንድ ቀን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። አለዚያ ላቦቱ ጨርቁ ላይ ያርፋል።

ቀዳዳ ሲኖር ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ ነው። ፈጣን ነው፣ ያምራል፣ ግን ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወደ ጨርቁ ይሰርጋል፤ ይደርቅና ያንን ቦታ ካርቶን ያደርገዋል። ሌላው ተመሳሳይ ቀለም ያለው ስስ ጨርቅ ከውስጥ አድርጎ በቀጭን መርፌ ሰፋ ሰፋ አድርጎ መያዝ ነው። አንድ ምሽት ይፈጃል። የሚያስጸጽት ነገር ግን የለውም፤ ነገ በመቀስ ጫፍ ይፈታል። እኔ ሁልጊዜ መርፌውን ነው የምመርጠው።

ማሊያውን ስታጣጥፉ ቁጥሩ ላይ እንዳይታጠፍ አድርጉ። የታተመ ቁጥር በእጥፋቱ በኩል ይሰነጠቃል። በየእጥፋቱ ውስጥ አሲድ የሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ ክብ አድርጋችሁ አስገቡ። ፍሬም ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ ሙጫና ስቴፕለር አይነካው። በጥጥ ጨርቅ በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ በክር ያዙት፣ መስታወቱም ጨርቁን እንዳይነካ ክፍተት ተዉለት። አልትራቫዮሌት የሚያግድ መስታወት ጥሩ ነው። ቀለም መልቀቁን ያዘገያል እንጂ ስለማያስቀረው ፍሬሙን ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት።

የቆዳ ኳስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

የቆዳ ኳስ በእጄ ስይዝ መጀመሪያ የማየው ጠፍሩን ነው። የድሮ ኳሶች አፋቸው በጠፍር ይታሰር ነበር፤ ከመነዳሪው፣ ማለትም የውስጥ ጎማው፣ በዚያ በኩል ይገባል፣ ይነፋል፣ ይታሰራል። በቴስታ የመታው ሰው ግንባር ላይ ምልክት ይተው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቆዳው ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ኳስ ያኔ የራሱ ጠባይ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1930 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አርጀንቲናና ኡራጓይ በማን ኳስ እንጫወት ብለው ስላልተስማሙ የመጀመሪያው አጋማሽ በአርጀንቲና ኳስ፣ ሁለተኛው በኡራጓይ ኳስ ተጫወቱ። አርጀንቲና በራሷ ኳስ 2 ለ 1 መራች። ኡራጓይ በራሷ ኳስ ጨዋታውን ገልብጣ 4 ለ 2 አሸነፈች።

የኳሱን ዘመን ማወቅ አያያዙን ይወስናል። ጥቁርና ነጩ ባለ 32 ቁራጭ ኳስ፣ ማለትም 12 ጥቁር ባለ አምስት ጎንና 20 ነጭ ባለ ስድስት ጎን ያለው፣ በዓለም ዋንጫ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በዓለም ዋንጫ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ ኳስ የመጣው በ1986 ነው። ኳሳችሁ ሰው ሠራሽ ከሆነ የቆዳ ቅባት ምንም አያደርግለትም፤ ያጣብቀዋል እንጂ። ለሱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

እውነተኛ ቆዳ ከሆነ የመጀመሪያው ፈተና ጣት ነው። ነጭ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ቀይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ ቆዳው ከውስጥ እየተበላ ነው፤ በእንግሊዝኛው ቀይ ብስባሽ የሚሉት ይሄንን ነው። እንዲህ ያለውን ኳስ ውሃ አታስነኩት። ውሃ ያጠቁረዋል፣ እንደ እንጨትም ያደርቀዋል። ቅባትም አያድነውም። ወይ ሳጥን ውስጥ አርፎ ይቀመጥ፣ ወይ ወደ ባለሙያ ይሂድ። ለዚህ ሌላ አማራጭ የለኝም።

ጨርቁ ንጹህ ከሆነ ወደ ጽዳት ግቡ። ለስላሳ ብሩሽ ውሰዱና ስፌቶቹ ውስጥ ያለውን አቧራ አራግፉ። የጥርስ ብሩሽ ለስፌት ያመቻል፣ በጣም ለስላሳው። ስፌት ውስጥ ጠንክሮ የተቀመጠ ጭቃ ካገኛችሁ ቆም በሉና እዩት። እኔ አልነካውም።

አሁን የቅባት ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ሰው የደረቀ ቆዳ ሲያይ ቅባት ማጠጣት ያምረዋል። የጫማ ቀለም፣ ቫዝሊን፣ የቆዳ ዘይት ይቀባል። በመጀመሪያው ሳምንት ኳሱ ያበራል። ከዚያ ዘይቱ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ አቧራ ይስባል፣ ክሩን ያላላዋል። ሙዚየሞች ቀድሞ ቆዳን በዘይት ማሸት የተለመደ ሥራቸው ነበር፤ ጉዳቱን አይተው አብዛኞቹ ትተውታል። የምትጫወቱበት የቤዝቦል ጓንት ከሆነ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ይታጠፋል፣ ይሠራል። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ኳስ ግን አይታጠፍም። ለምን ይለሰልሳል? ትንሽ ጥበቃ ከፈለጋችሁ ማይክሮክሪስታሊን የሚባለውን ሰም በጣም በስሱ ቀብታችሁ መወልወል ከሁሉም ያነሰ አደጋ አለው።

ቆዳው ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። የድሮ ቅባት ወደ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በፀጉር ማድረቂያ፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከሩቅ ሞክሩት። ቀልጦ ከጠፋ ስብ ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ካልቀለጠ ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጭምብል አድርጋችሁ ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ ደረቅ ቦታም አስቀምጡት። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ድካሙ ታጥቦ ጭቃ ነው።

የተነፈሰ ኳስን ቅርጽ ለመመለስ ሁለት መንገድ አለ፦ መንፋት ወይም መሙላት። መንፋቱ ያጓጓል። የድሮ ጎማ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቢይዝ እንኳ ግፊቱ ያረጀውን ክር ይበጥሳል። አንድ ወዳጄ የአባቱን ኳስ በፓምፕ ሲነፋ አጠገቡ ነበርኩ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ እንደ ጨርቅ መቀደድ። ስፌቱ ከጠፍሩ አጠገብ ተነስቶ አራት ቁራጭ ድረስ ተተረተረ። መሙላት ይሻላል። ጠፍሩን ቀስ ብላችሁ ፍቱት፣ ከመነዳሪውን አውጡና ለብቻው አስቀምጡት፣ አትጣሉት። በቦታው የፖሊስተር ጥጥ በትንሽ በትንሹ አስገቡ። ክብ መምሰል ሲጀምር አቁሙ፤ ድንጋይ እስኪሆን አትጠቅጥቁት። ጠፍሩ ለመፈታት አልታጠፍ ካለ ግን አታስገድዱት፤ ይበጠሳል። ያን ጊዜ ኳሱ እንደተነፈሰ ይቆይ።

የተተረተረውን ስፌት መስፋት የሚያስደስት ሥራ ነው። በሰም የታሸ የተልባ ቃጫ ክርና ሁለት ጫፋቸው የደነዘዘ መርፌዎች ያስፈልጋችኋል። ወስፌ አትጠቀሙ። አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፤ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች አሉ፣ መርፌው ይፈልጋቸዋል። አንዱ መርፌ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ፣ በአንድ ቀዳዳ ተላልፈው ይገባሉ። ክሩን ስትስቡ ቆዳው እንዲገናኝ ያህል ብቻ እንጂ እንደ ጫማ ሰፊ አጥብቃችሁ አይሁን። ማስቲሽና ሱፐር ግሉ ያቀልሉት ይመስላሉ። ቆዳውን ያደርቁታል፣ ቀጣዩ ሰውም ሊያስተካክለው አይችልም።

ሜዳሊያና ዋንጫ፦ ማብራት ወይስ ማደብዘዝ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ሜዳሊያ ላይ ደግሞ ወርቅ የመሰለን ነገር ወርቅ አድርጎ መፈተግ ይበዛል። ንጹህ ወርቅ የሆነ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ነው። የዛሬው የወርቅ ሜዳሊያ ውስጡ ብር ነው፤ ላዩ ላይ ቢያንስ 6 ግራም ወርቅ ተለብጧል። የኦሊምፒኩ እንዲህ ከሆነ እናንተ ጋ ያለው የውድድር ሜዳሊያ ልባጡ ምን ያህል ስስ እንደሚሆን ገምቱ። በወርቅ የተለበጠን ነገር በምንም ማብሪያ አትፈትጉ። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የጥርስ ሳሙናም ውስጡ የሚፍቅ ቅንጣት አለው፤ ለዚህ ሥራ አልተሠራም።

ብር ሲጠቁር የምታዩት ሰልፈር የሠራውን ሽፋን ነው። ሦስት አማራጭ አለ። አንዱ የብር ማብሪያ ክሬም ነው፤ ያበራል፣ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ብር አብሮ ይወስዳል። በየዓመቱ የተወለወለ ዋንጫ ላይ የአሸናፊዎቹ ስም እየደበዘዘ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ፎይልና ቤኪንግ ሶዳ ነው። ፎይል የተነጠፈበት ሳህን፣ ሙቅ ውሃ፣ ሶዳ፤ ብሩ ፎይሉን ሲነካ ጥቁረቱ ይለቃል፣ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታም ይወጣል። ብር አይፋቅም፣ ያ ጥሩ ነው። ችግሩ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወውን ጥቁር ጥላም ጠራርጎ መውሰዱ ነው። ዋንጫው ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። እንጨት መቀመጫ ያለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም ሙጫ ያለበት ከሆነ ውሃው ገብቶ ይቀራል። ለትንሽና ለወጥ ብር ብቻ አድርጉት።

ሦስተኛው የኔ ምርጫ ነው። በጣም ደቃቅ ካልሲየም ካርቦኔት በዲስቲልድ ውሃ እንደ ስስ ሊጥ ለውሱና በጥጥ ቀስ ብላችሁ አሹት። ቀርፋፋ ነው። መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ግን ያሳያችኋል። ከፍ ያለው ቦታ ይበራል፣ የጎደጎደው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ጽሑፉ ይነበባል። ጨርሳችሁ ስታስቀምጡት ከሱፍና ከጎማ አርቁት፤ ሁለቱም ብርን የሚያጠቁር ሰልፈር ይለቃሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ዋንጫው ብጫ ሆኖ በላዩ የሸረሪት እግር የመሰሉ ጥቁር መስመሮች ካሉበት ላዩ ላይ ቫርኒሽ አለ፤ ክሬም ከሥሩ ላለው አይደርስም። ከነሐስ ላይ ደግሞ ሐመር አረንጓዴ ዱቄት ተነስቶ ተጠርጎ እንደገና ከመጣ ብረቱን እየበላው ነው። ከሌሎቹ ለዩት፣ ደረቅ ቦታ አድርጉትና ባለሙያ ፈልጉ። ወጥ የሆነው ቡናማ የነሐስ መልክ ግን ዕድሜው ነው፤ እሱን ማብራት ከሜዳሊያው ላይ ዓመታቱን መላጥ ነው። እንደገና ማስለበጥን የምመክረው ልባጡ ሙሉ በሙሉ ላለቀ፣ ዛሬም በየዓመቱ ለአሸናፊ ለሚሰጥ ዋንጫ ብቻ ነው።

ፎቶ፣ ትኬት፣ የጋዜጣ ቁራጭ

እዚህ ላይ ንጽጽሩ አጭር ነው። ስኮች ወይስ ላሚኔት ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ሁለቱንም አይሆንም እላለሁ። የስኮች ሙጫ ይቢጫል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ላሚኔት የተደረገ ትኬት ከፕላስቲኩ ተመልሶ አይወጣም። የሚሻለው ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ግልጽ ከረጢት ነው። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የሆነው ከጊዜ በኋላ ያጣብቃል። የጋዜጣ ወረቀት የሚቢጨው በውስጡ ባለው ሊግኒን በሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር ስለሆነ በቤት አይቆምም፤ አሲድ በሌለው ወረቀት ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን አሳዩ፣ ዋናውን አስቀምጡ።

ፎቶ ከአልበም ገጽ ጋር ከተጣበቀ በጥፍር አትሞክሩ። ሰም ያልተቀባ የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። የተቀደደና የደበዘዘ ፎቶን ለማደስ ደግሞ ቀለም ከመንካት ስካን ማድረግ ይበልጣል። በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ጥራቱን ሳይቀንስ በሚይዘው በቲፍ ፋይል አስቀምጡና ኮፒው ላይ የፈለጋችሁትን ሥሩ። ፊቱን አጥሩት፣ ጭረቱን ሙሉት። ዋናው ምንም አልሆነም። በዚህ ዘርፍ ሁሉ ነገርን ማደስና ምንም አለመንካት አብረው የሚሄዱት እዚህ ብቻ ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ በፎቶ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ፊርማ ያለበት ዕቃ፣ ኳስም ይሁን ማሊያም ይሁን ፎቶ፣ አይጸዳም። አልኮል ማርከርን ያሟሟል፣ ውሃ ብዕርን ያሰራጫል፣ ብርሃን ሁሉንም ያደበዝዛል። የደበዘዘውን ፊርማ በብዕር መድገም ደግሞ ፊርማውን ማጥፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ የናንተ ጽሑፍ ይሆናል። ጨለማ፣ ደረቅ ሳጥን፤ በቃ።

የእንጨት ራኬትና ዱላ

እንጨት ይቅር ባይ ነው። ስለዚህ እዚህ ትንሽ ደፈር ማለት ይቻላል። የቴኒስ ራኬት ከእንጨት ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው ከትልልቅ ሜዳዎች የጠፋው። ስለዚህ ብዙ አሉ፣ መለማመጃም ይሆናሉ።

ዘይት ወይስ ቫርኒሽ? የክሪኬት ዱላ ፊቱ ባዶ እንጨት ከሆነ የተልባ ዘይት በስሱ ይጠጣል። የራኬት ፍሬም ግን በቫርኒሽ የተሸፈነ ነው፤ ቫርኒሹ ደህና ከሆነ ዘይት አይገባም፣ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እሱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና በሰም መወልወል ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ፍቆ አዲስ ቫርኒሽ መቀባት ያምራል፣ ግን የፋብሪካው ስምና ያጌጠበት ቀለም አብሮ ይሄዳል፤ ያ ስም ከሌለ ራኬቱ የማንም ራኬት ነው። ከፊሉ ጅማት ተበጥሶ ከፊሉ ከተወጠረ ፍሬሙ ይጣመማል፤ የቀሩትን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር እኩል እኩል ቁረጡ። አዲስ ጅማት ብታስገቡ ደግሞ አላልቶ እንጂ ለጨዋታ በሚወጠረው ልክ አይሁን፤ የቆየ ፍሬም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይሄን ግን ሳታነቡ አትለፉ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

ስለ ጫማ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሶላቸው ፖሊዩሬቴን የሆኑ የስፖርት ጫማዎች ባይለበሱም ከአየር እርጥበት የተነሳ ከውስጥ ይፈረፈራሉ። በሙጫ መያዝ አይቻልም። ለማስታወሻ ከሆነ ውስጡን በወረቀት ሞልታችሁ ሳትነኩ አስቀምጡ። ለመልበስ ከሆነ ሶሉ ይቀየር፤ የወጣው ሶልም ከጫማው ጋር አብሮ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

የሳጥኑ ወረቀት

ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር አንድ ወረቀት አስቀምጣለሁ። በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የእርሳስ ጽሑፍ ውሃ ቢነካውም አይፈስም። ዕቃው የማን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረግኩበት፣ በምን እንዳደረግኩት፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን ሳልነካ እንደተውኩ እጽፋለሁ። ከኔ በኋላ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው የቱ ክር የኔ፣ የቱ ክር የመጀመሪያው እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የአጎቴ ማሊያ ሳጥን ውስጥም ወረቀት አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለዚያች ምት ጠየቅኩት። በየት በኩል እንደተወረወረ፣ ኳሱ የትኛውን እጁን እንደነካው፣ ሲነሳ ጭቃው ምን ያህል እንደቀዘቀዘው ነገረኝ። እሱ ሲናገር እኔ ጻፍኩ። ክርኑ ላይ፣ እድፉ ከነበረበት ቦታ ትይዩ፣ ወረቀቱን በክር ይዤዋለሁ። ሙጫ አልተጠቀምኩም።